መደቡን ያፈረስኩ ቀን

የልጅ ልጆቼ ሲሰበሰቡ ሌላ ወሬ አይጥማቸውም። «እማ፣ ዶማ ይዘሽ ቤትሽን ያፈረስሽበትን ቀን ንገሪን» ይሉኛል። ቤቴንስ አላፈረስኩም፤ ያፈረስኩት መደብ ነው። ልጅ ግን ወሬ ያሳምራል፤ በእነሱ አፍ ከሆነ ግማሽ ጎንደርን ንጃለሁ። ስለዚህ ዛሬ እኔው በአፌ ልንገራችሁና ትልቋ የልጅ ልጄ በስልኳ ትጻፈው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስትጨርስ መልሳ ታነብልኛለች፤ ያላልኩትን ብትጨምርበት ጆሮዬ ደህና ነው፣ አውቅባታለሁ።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ እወቁልኝ። የተወለድኩት ከደባርቅ በላይ፣ ውርጭ ገብስ በሚያቃጥልበት ደጋ ነው። ባሌ ገና በልጅነቴ ሞተና አንድ ወንድ ልጅ፣ ጌታቸውን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ መንገድ ሆነ። ከደጋው ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ጭኜ ሊማሊሞን እወርዳለሁ፣ ዛሪማ ገበያ ሸጬ ሰሊጥ ይዤ እወጣለሁ። አንዳንዴ መንገዱ ደስ ብሎኝ ከዛሪማም አልፌ እሄድ ነበር፤ እግሬ መቀመጥ አይወድም። አርባ ዓመት ገደማ እንዲህ ስል፣ ያደርኩት ሁሉ በሰው ቤት ነው።

በሰው ቤት የሚያድር ሰው አንድ ነገር ይማራል። አንድ ክረምት ዛሪማ ላይ ያደርንበት ቤት ግድግዳ በጓደኛዬ እግር ላይ ወረደ። እግሯ ዳነ፣ እሷ ግን ከዚያ በኋላ እያነከሰች ነው የነገደችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን በመዳፌ ሳልዳስስ ጎኔን አላሳርፍም። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ እተኛለሁ። ቀዝቅዞ መዳፌ ላይ ልጥፍ ካለ ነጠላዬን ይዤ ወደ ሌላው ጥግ እሄዳለሁ። ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል። «ዘነቡ ግድግዳውን ደህና እደር ልትለው ነው» ይላሉ። ይሳቁ። ጎኔ እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ጌታቸው ተምሮ አስተማሪ ሆነና ጎንደር ከተማ ገባ። እኔም ጉልበቴ ሲደክም ወደ እሱ መጣሁ። ደግሞ ኪራይ። አንዱ አከራይ ውሃ አበዛችሁ ይላል፣ ሌላዋ እንግዳ አበዛችሁ ትላለች። እኔ የሽንኩርቱን አስቀምጬ፣ እሱ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ በመጨረሻ ከፒያሳ በባጃጅ ቁልቁል ወርዳችሁ አስፋልቱ የሚያልቅበት ሰፈር አንዲት ቤት ከወራሾች ገዛን። የጭቃ ቤት ናት፣ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ጀርባዋን ለዳገቱ የሰጠች። በእኔ ስም ተዛወረች። ቁልፉን ስጨብጥ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በበሩ ገብቼ፣ ወጥቼ፣ ደግሜ ገባሁ። የሚከለክል የለም።

ከግዢው የተረፈችን ለእድሳት መቶ ሃያ ሺህ ብር ናት። ከእሷ በቀር ሌላ የለም፤ የሚያበድር ዘመድም የለንም። ጌታቸው አንድ ምሽት ወረቀት ይዞ መጣና ጽፌአለሁ አለኝ።

«አንብብልኝ» አልኩት።

«ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፋል። ኮርኒስ። ቀለም፣ ውስጡም ውጩም። የብረት በር። ሦስት ቆርቆሮ ይቀየራል። ሽንት ቤቱ ይጠገናል።»

«ሌላስ?»

«በቃ። ብሩም በቃ።»

«ግድግዳውስ?»

«ይቀባል አልኩሽ እኮ።»

«ቀለም ግድግዳ ነው እንዴ?»

ሳቀብኝ። ልጄ ክፉ አይደለም። ልጅነቱን በሰው ቤት ጥግ ያሳለፈ ነው። «እማ፣ ስንት ዓመት የሰው ወለል ስትጠርጊ አይቼሻለሁ» አለኝ። «አንድ ቀን የሚያበራ ወለል ላይ ልይሽ።» ደግሞም የሰኔ ሚካኤል የማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። በአዲስ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽዋ ላወጣ ነው። ካህናቱ፣ ማኅበርተኛው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። እሱ እናቱ እንድትከበር ፈለገ።

እኔ ግን ማንበብ አልችልም እንጂ መቁጠር እችላለሁ። ብሩን በሦስት ከፈልኩት። አንዱ እጅ ለሚታየው፤ አንዱ ለማይታየው፤ ሦስተኛው «ይኼስ ለምንድን ነው?» ቢሉኝ ለማልመልሰው። የሚታየውን ለጌታቸው ሰጠሁት። ሁለቱን ባንክ አስቀመጥኳቸው፤ ያለ እኔ አውራ ጣት አይወጡም።

«እንዴ እማ፣ በዚህ ሴራሚኩና በሩ ብቻ ነው የሚያልቀው» አለ።

«እንግዲያው ሴራሚኩና በሩ ይለቅ» አልኩት።

አኮረፈኝ። ቢሆንም ሄዶ ሴራሚኩን ገዛው።

ቤቱን ለመጥረግ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን እሄድ ነበር። በሳሎኑ ውስጥ፣ ከዳገቱ ጋር በሚዋሰነው በጀርባው ግድግዳ ሥር፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደ የጭቃ መደብ አለ። ወፈር ያለ፣ ሸጋ መደብ ነው፤ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። እንደ ልማዴ ከመደቡ በላይ ያለውን ግድግዳ ዳሰስኩት። ሰኔ ገና መግባቱ ነው፣ የጣለው ዝናብ አፈር አላራሰም። ግድግዳው ግን መዳፌ ላይ ልጥፍ አለ። ከፍ አድርጌ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ዝቅ አድርጌ ወደ መደቡ ስጠጋ ይረጥባል። መደቡን ራሱን ነካሁት፤ እሱ ደግሞ ደረቅ፣ አዲስ ልስን። አሮጌ ቤት ውስጥ መደቡ ብቻ ምነው አዲስ ሆነ? አልኩ። ለጌታቸው ነገርኩት። «የቤት ወዝ ነው» አለኝ። የቤት ወዝ የሚባል ነገር በአርባ ዓመት ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ሰኔ ዘጠኝ ነው፤ ለሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው። ግንበኛችን ካሴ ይባላል፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ ካሴ ነው የሚለው። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ፣ ግን ሽበቱና ዝምታው ያስከብረዋል። ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ፤ ጌታቸውም አለ። ሴራሚኩ በካርቶን በደጃፉ ተደርድሯል። የጎረቤቴ የሙሉ በር ከእኔ በር ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እሷም የምትለቅመውን ምስር ይዛ ለማየት መጣች። ሙሉ ደግ ናት፣ ምላሷ ግን እረፍት የለውም።

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ።

«እመት ዘነቡ፣ ይነሡልን፤ ልክ ልንወስድ ነው» አለኝ አያ ካሴ።

«የምኑን ልክ?»

«የመደቡን። ጌታቸው እሱንም ሴራሚክ አልብሱት ብሏል።»

«መደብ ሴራሚክ ሊለብስ?»

«ምን ክፋት አለው?» አለች ሙሉ ከበሩ። «ካህናቱን ከማንሸራተቱ በቀር።»

«ይህ መደብ አይለብስም፤ ይፈርሳል» አልኩ።

ጌታቸው ሜትሩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። «እማ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረን! ካህናቱ የት ሊቀመጡ ነው?»

«ማሕሌት ቆመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ቀን መቀመጫ አያጡም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሰው ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ሰው ያለውን ስሰማ ኖሬአለሁ። ይኼ የእኔ ቤት ነው።»

አያ ካሴ ጉሮሮውን ጠረገና «መደቡ ቢነካ ግድግዳውም አብሮ ይነካል» አለኝ።

«ደህና ግድግዳ መደብ ቢነሣለት ምን ይሆናል?»

መሬት መሬቱን አየ። እኔን ያስጨከነኝ ያ ዝምታው ነው። እሱም ጠርጥሯል ማለት ነው፤ ግን የተቀጠረው ሴራሚክ ሊያነጥፍ ነው፣ ማን ጠየቀው? ተነሥቼ ዶማውን አነሣሁ። ጌታቸው እጀታውን ያዘ።

«ልቀቅ።»

«አልለቅም። ትወድቂያለሽ።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ዶማውስ?»

«የአያ ካሴ።»

«እንግዲያው አያ ካሴ ይቀማኝ፤ አንተ ምን አገባህ?»

ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሳቃቸውን መያዛቸው ነው። አያ ካሴ ሊቀማኝ አልተነሣም። ጌታቸው ለቀቀ።

መታሁት። ደረቁ ልስን ተላጠ። ደገምኩት፣ ዶማው ሰጠመ። ውስጡ ጭቃ ነው፤ ትናንት የተቦካ ይመስላል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ መታሁና ደከመኝ። ያን ጊዜ አያ ካሴ ምንም ሳይናገር ዶማውን ከእጄ ወስዶ ይቆፍር ጀመር። ከመደቡ ክንድ የሚያህል እንደተነሣ የግድግዳው ቋሚ እንጨት እግር ብቅ አለ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ እንደ አሹቅ ፈረጠ። ቋሚው መሬት አልረገጠም። ከበሰበሰ ቆይቷል። ያንን ግድግዳ ያቆመው መደቡ ነበር። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ እግሩ የበሰበሰ ግድግዳ እንዳይወድቅ አፈር ከምሮ፣ ለስኖ፣ መቀመጫ አድርጎታል። እኛ ደግሞ በላዩ ሴራሚክ ልናለብሰው ነበር።

«አየህ?» ልለው ወደ ጌታቸው ዞርኩ። አልጨረስኩትም። ከላይ ጣሪያው ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ። የጭቃ ፍርፋሪ ነጠላዬ ላይ ወረደ። ግድግዳው ወደ እኛ ጎንበስ አለ። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ግን ግድግዳ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብ ያቆማል።

«ውጡ!» አለ አያ ካሴ። ሠራተኞቹ ብን ብለው ወጡ። እሱ ግን ለመወጣጫ ያመጣውን ወፍራም ጣውላ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ለግድግዳው ሰጠ፣ ሌላውን ጫፍ ወለሉ ላይ አስደግፎ ከኋላው ትልቅ ድንጋይ ወሸቀ። ድንጋዩ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። እኔ በእግሬ ረገጥኩት። ቆመ።

«አፈረስሽው!» አለ ጌታቸው። ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ሆነብኝ። «እማ፣ ቤታችንን አፈረስሽው!»

እውነቱን ነው። መደቡን ባልነካው ለሚካኤል ቆሞ ነበር። ለቀጣዩ ወርም ምናልባት። ግን ነሐሴ ላይ፣ ዳገቱ ውሃ ጠጥቶ ሲጫነው፣ መደቡ ላይ የምንተኛው እኛ ነን።

አያ ካሴ ወጥቶ ከጀርባ አየና ተመለሰ። ከዳገቱ የወረደው አፈር ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ተከምሯል፤ ውሃውን የሚያጠጣውም የሚገፋውም እሱ ነው። ሠራተኞቹን አፈሩን በቀስታ አንሡ አላቸው። ከዚያ ጣሪያውን ዙሪያውን ተመለከተ፣ ላቡን ጠረገ። «ባላ ያስፈልጋል፤ ይህ ጣውላ አይበቃም። ሄጄ አመጣለሁ። እርስዎ ይውጡ እመት ዘነቡ።»

«ድንጋዩ ይንሸራተታላ።»

«ይንሸራተት። ይውጡ።»

«አልወጣም።»

ትንሽ አየኝና ሄደ። ባጃጅ ሲጠራ ድምፁን ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ረዘመብኝ። እግሬን ድንጋዩ ላይ፣ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ ቆምኩ። ጌታቸው ከበሩ ይለምነኛል። «እማ፣ በእግዜር። ይውደቅ። እንደ ገና እንከራያለን።»

«አልከራይም።»

«ነፍስሽ ትበልጣለች ወይስ ግድግዳ?»

«ነፍሴንማ በየሰዉ ቤት ሳሳድራት ኖርኩ። ጌታቸው፣ ስማኝ። ይህ ቤት ከወደቀ ሌላ አንገዛም። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።»

ሰማዩ ጠቆረ። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ያኔ ጌታቸው ጫማውን አውልቆ ገባ። ለምን ጫማውን እንዳወለቀ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ቤተ ክርስቲያን የገባ መስሎት ይሆናል። ትከሻውን ከጣውላው ሥር ሰጠ። አንድ ላይ ቆምን። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ሴራሚኩ ይመለሳል?» አልኩት ቆይቼ።

«አሁን ስለ ሴራሚክ ነው የምታስቢው?»

«ታዲያ ስለ ምን ላስብ? እጄም እግሬም ሥራ ላይ ነው፤ ያረፈው ጭንቅላቴ ብቻ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ጣውላው ተንቀጠቀጠና ሳቁን ዋጠ፤ እኔም ድንጋዩን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩት።

ሙሉ ምስሯን ጥላ ጠፍታ ነበር። ፈርታ ነው ብዬ ስታዘባት፣ ሁለት የጥድ አጠና መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። «ለአጥሬ ያስቀመጥኩት ነው» አለች። «ጥድ ነው፣ እንዳታቃጥይው። በኋላ ትመልሺልኛለሽ።»

«ግቢና አቁሚው።»

«እኔ? አንቺ ቆመሽ የምትሞቺ እብድ ነሽ፤ እኔ ልጆች አሉኝ!» አለችና ገባች። ገብታም አንዱን አጠና ከጣሪያው ተሸካሚ ሥር አስገባችልን። አፏ ግን አላረፈም። «ምነው ጌታቸው፣ ካልሲህ ተቀዷል እኮ። ማኅበርተኛ ይጠራል፣ ካልሲ አይሰፋም።»

አያ ካሴ ሲመለስ ባጃጁ በግራና በቀኝ ባላ ወጥቶለት ቀንድ ያበቀለ ይመስል ነበር። ሲሄድ የነበረው ሰው አይደለም። ሲሄድ ዓይኑ ይንከራተት ነበር፤ ሲመለስ ግን የሚያደርገውን ያውቃል። «አንደኛው ባላ እዚህ። ሁለተኛው እዚያ። ጣሪያው በባላው ላይ ይረፍ፣ ግድግዳው ባዶ ይሁን። ከዚያ አንድ በአንድ እንጂ ሁለት ቋሚ በአንዴ አይነካም።» ጣሪያው ባላዎቹ ላይ ሲያርፍ ጌታቸው ትከሻውን አወጣ። እኔ እግሬን ከድንጋዩ ላነሣ ብል እምቢ አለኝ፤ ደንዝዟል። ሙሉ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተሠራ። ከዘጠኙ ቋሚ አምስቱ እግር የላቸውም። የበሰበሰው ይቆረጣል፣ ሥሩ ይቆፈራል፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ይገባል፣ የጥድ እግር ይቀጠልለታል። አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው። በጀርባ በኩል ከዳገቱ የሚመጣው ውሃ ቤቱን ዞሮ የሚያልፍበት ቦይ ተቆፈረ። ባንክ ሄጄ አውራ ጣቴን ሰጠሁ። ለማይታየው ያልኩት አለቀ። የማልመልሰውም ተከፈተ። ጌታቸው «ይኼን ለዚህ ነበር ያስቀመጥሽው?» አለኝ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ብቻ አሮጌ ቤት ገዝቼ፣ ያሳየኝን ብቻ ነው ያለው ብዬ አላምንም» አልኩት። ሴራሚኩን ሱቁ ትንሽ ቆርጦ መለሰልን፤ ጌታቸው ፊቱ ቀልቶ ነው የተመለሰው። ወረቀቱን አውጥቶ ሴራሚክ የሚለውን፣ ኮርኒስ የሚለውን፣ ቀለም የሚለውን በብዕር ሰረዘው። ማንበብ ባልችልም ሲሰረዝ ግን አያለሁ።

ወራሾቹን ጎረቤቱ «ክሰሺያቸው» አለኝ። አልከሰስኳቸውም። መደቡን ማን እንደሠራው እነሱም አያውቁም፤ እኔም ፍርድ ቤት የምመላለስበት ጉልበት ቢኖረኝ ለቦዩ እፈልገው ነበር።

የሚካኤል ዕለት ነጋ። ወለሉ አፈር ነው። ግድግዳው በታች በኩል ያልተለሰነ፣ የጥዱ እግር እንዳለ የሚታይ፣ የሲሚንቶ ድንጋይ የተደረደረበት። ጌታቸው ከማፈሩ የተነሣ እንግዳ መቀበል አቃተው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ካህናቱ መጡ፤ ከሙሉ ቤትና ከእድሩ በተዋስነው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ጠበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ሰው መጫወት ሲጀምር ከማኅበርተኞቹ አንዷ ግድግዳውን እያየች «ዘነቡ፣ ቤቱ ገና ነው እንዴ? ለማርያም ብታደርጊው ይሻል ነበር» አለች።

«ገና አይደለም» አልኳት። «ጨርሻለሁ። የቀረው ልብሱ ነው።»

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደ። የጎንደርን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ወሬው ቆመ። አንድ በአንድ የሁሉም ዓይን ወደ ጀርባው ግድግዳ ሄደ። ከዳገቱ የሚመጣው ውሃ በቦዩ ሲጎርፍ ይሰማል። እኔም እንግዳ መኖሩን ረስቼ ተነሣሁና መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። የነፍስ አባቴ «ምን አለሽ?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ዝም ብሏል፣ አባ።»

«እኛም ዝም እንበልለት» አሉ። ዝናቡ እስኪያባራ ማንም አልተነሣም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ ቤት ለመግዛት የምትለፉ ወጣቶች፣ ይህን አንድ ነገር ከእኔ ስሙ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ሰው ሲቆጣ ድምፄን ዝቅ የማደርግ ሴት ነበርኩ። በሰው ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ነው፤ «እሺ» ማለት ይለምዳል። ያን ቀን «እሺ» ብል ኖሮ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ልጄም፣ ግንበኛውም፣ ማኅበርተኛውም። ክረምቱ ግን አይደሰትም ነበር። ቤታችሁን ስታድሱ የሚያማክራችሁ ብዙ ነው፤ ሁሉም የሚያማክረው ስለሚታየው ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ቋሚው ምን ላይ እንደቆመ ጠይቁ። ያላችሁን ብር ሁሉ ለወረቀቱ አትስጡት፤ ቤቱ ገና ያልነገራችሁ ነገር አለ፣ ለእሱ አስቀምጡ። እንግዳ ይመጣል ብላችሁም አትቸኩሉ። እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። በዚያ ግድግዳ ሥር የምታድሩት እናንተ ናችሁ። «እብድ ናት» ይበሉአችሁ። እኔን ብለውኛል፤ አልገደለኝም።

ሴራሚኩ? አልገባም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጌታቸው ወለሉን ሲሚንቶ ለስኖልኝ ደስ አለው። አሁን በሰፈሩ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እኔን ይጠራል። ሄጄ ግድግዳውን እዳስሳለሁ። እግሬም እንደ ድሮው መንገድ አገኘ።

አያ ካሴ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆነው። ለቅሶውን ልደርስ ሄጄ ከሚስቱ ጎን ተቀመጥኩ፤ ስለዚያች ቀን አነሣሁ፣ ባልሽ ቤቴን አቆመልኝ አልኳት። እሷ እያለቀሰች ፈገግ አለች። ያን ዕለት ካሴ ባላ ፍለጋ ብቻ አልነበረም የሄደው አለችኝ። ባጃጅ ይዞ ወለቃ ድረስ ሄዶ አንድ ሽማግሌ አናጢ ደጃፍ ተንበርክኮ፣ «እግሩ የበሰበሰ ግድግዳ ሳይወድቅ እንዴት ነው የሚቆመው? ሰው ሥሩ ቆሟል፣ ቶሎ ንገረኝ» ብሎ ጠይቆ ነው የተመለሰው። ከዚያ ቀን በፊት የቋሚ እግር ቀይሮ አያውቅም።